ወፍጮው አንድ ነው፦ ስለ ቴክኖሎጂና ስለ ምጽአት ለተሰራጨ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ከደብረ ዘይት እሑድ ወዲህ አንድ ረጅም ጽሑፍ በቴሌግራምና በፌስቡክ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ለእኔ ብቻ በሦስት ሰዎች በኩል ደርሶኛል። ከሦስቱ አንዷ አክስቴ ናት፤ ዓይኗ ስለ ደከመ ጽሑፉን ያገኘችው አንዲት ሴት በድምፅ አንብባ በቀዳችው ቅጂ ነው። አክስቴ የስኳር ሕመምተኛ ናት፤ ኢንሱሊን መውሰድ ከጀመረች 11 ዓመት ሆኗታል። ቅጂውን ደጋግማ ካዳመጠች በኋላ መድኃኒቷን ከማቀዝቀዣው አውጥታ ጣለች፤ በሦስተኛው ቀን ራሷን ስታ ሐኪም ቤት ገባች። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተርፋለች። ይህን በመግቢያዬ የማነሣው ጸሐፊውን ለመክሰስ አይደለም፤ ጽሑፉ ከክፉ ልብ እንደ ወጣም አላምንም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ቃል ሰው ቤት ሲገባ የሚያደርገውን በዓይኔ ስላየሁ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም።

ጸሐፊው ስማቸውን ስላልገለጹ «ጸሐፊው» እያልኩ በአክብሮት እጠራቸዋለሁ። የሚሉትንም ሳላጣምም ባጭሩ ላስቀምጥ። አንደኛ፣ የእጅ ጥበብና መሣሪያ ሁሉ ምንጩ የቃየን ዘርና በመጽሐፈ ሄኖክ የተጻፉት የወደቁ መላእክት ስለሆኑ ቴክኖሎጂ ከሥሩ የጠላት ነው ይላሉ። ሁለተኛ፣ ነቢዩ ዳንኤል «እውቀትም ይበዛል» ያለው በእኛ ዘመን ተፈጽሟል፤ ስምንተኛው ሺህም ደርሷል፤ ስለዚህ የጌታ መምጣት ከጥቂት ዓመታት አያልፍም ይላሉ። ሦስተኛ፣ ባርኮድ፣ የፋይዳ መታወቂያና በስልክ የሚደረግ ክፍያ በዮሐንስ ራእይ ምዕራፍ 13 የተነገረው የአውሬው ምልክት ናቸው፤ የተመዘገበም ታትሟል ይላሉ። አራተኛ፣ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ያ የሚናገረው የአውሬው ምስል ነው ይላሉ። አምስተኛ፣ ዕድሜን በመድኃኒትና በማሽን ማራዘም ከፈጣሪ ፈቃድ ጋር መታገል ነው፤ ጠበል ያለው ሰው መርፌ አያስፈልገውም ይላሉ። ከዚህ ሁሉ ተነሥተው የሚደርሱበት ማጠቃለያ፣ ተዘጋጅቶ መጠበቅ ማለት ከስልክ፣ ከባንክና ከሐኪም ቤት መለየት ነው የሚል ነው።

ከሚሉት ውስጥ የምስማማበት አለ፤ እርሱን አስቀድሜ ልናገር። ቅዳሴ ውስጥ ካህኑ ልባችሁን ወደ ላይ አንሡ እያለ አንገቱን ወደ ስልኩ የደፋ ምእመን ማየት ያሳዝናል። በስልኩ የስፖርት ውርርድ የወር ደመወዙን ያጠፋ አባወራ፣ እስከ ሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት አጫጭር ቪዲዮ ሲያይ አድሮ የጠዋት ጸሎቱን የረሳ ወጣት በየሰፈራችን አሉ። ጸሐፊው ስለ እነዚህ ያፈሰሱት እንባ እውነተኛ ነው፤ እኔም አብሬያቸው አለቅሳለሁ። ከዚህ እንባ የደረሱበት ድምዳሜ ግን መጽሐፍ ቅዱስን አይመስልም፤ የቤተ ክርስቲያናችንንም ትምህርት አይመስልም።

ከመጀመሪያው ነጥብ እንጀምር። ዘፍጥረት ምዕራፍ 4 ቱባልቃይንን የናስና የብረት ሠሪ አድርጎ ማቅረቡ፣ ቱባልቃይንም ከቃየን ዘር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ከእርሱ አንድ ቁጥር ከፍ ብሎ ያለውን ጸሐፊው ዘልለውታል። በዚያ የቱባልቃይን ወንድም ዩባል «በገናንና መሰንቆን ለሚይዙ አባት» እንደ ነበረ ተጽፏል። ብረት በቃየን ምክንያት ከተረገመ በገናም አብሮ ይረገማል ማለት ነው። እኛ ግን ዐቢይ ጾም ሲገባ፣ ከበሮውና ጽናጽሉ ሲያርፍ፣ ለንስሐ የምንቀመጠው ከበገናው ሥር ነው። ዳዊትም በገናውን ሲያነሣ ከማን ዘር እንደ ተገኘ አልጠየቀም።

መጽሐፈ ሄኖክን መጥቀሳቸው ደግሞ ደስ አሰኝቶኛል፤ ይህን መጽሐፍ በምልዓት ጠብቃ ያቆየችው የእኛው ቤተ ክርስቲያን ናትና። በምዕራፍ 8 አዛዝኤል ለሰዎች ሰይፍና ጋሻ መሥራትን እንዳስተማረ ተጽፏል። ይሁን እንጂ ንባቡን እስከ ምዕራፍ 69 ብንቀጥል፣ ከወደቁት መላእክት አንዱ በቀለምና በወረቀት መጻፍን እንዳስተማረ፣ በዚህም ብዙዎች እንደ ሳቱ እናነባለን። በጸሐፊው ስሌት ከሄድን መጻፍም የጠላት ሥራ ነው። ታዲያ ያው መጽሐፍ ሄኖክን የጽድቅ ጸሐፊ ብሎ የሚጠራው ለምንድን ነው? የመጽሐፉ ወቀሳ ሰውን ለመግደልና ለማሳት በዋለ ጥበብ ላይ መሆኑን ሄኖክ ራሱ ብዕር በመያዙ እናውቃለን። በዘጸአት ምዕራፍ 31 ደግሞ እግዚአብሔር ባስልኤልን በስሙ ጠርቶ፣ በወርቅ፣ በብርና በናስ ይሠራ ዘንድ የእግዚአብሔርን መንፈስ ሞላበት። መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሰው በእግዚአብሔር መንፈስ እንደ ተሞላ በግልጽ ከተነገረባቸው ከመጀመሪያዎቹ ቦታዎች አንዱ ይህ የእጅ ባለሙያ ታሪክ ነው። የላሊበላን አብያተ ክርስቲያናት ከአለት የፈለፈለውም ብረት ነው።

ወደ ዳንኤል እንሂድ። ጸሐፊው «እውቀትም ይበዛል» የሚለውን ሐረግ ብቻ ቆርጠው ስለ ኮምፒዩተርና ስለ ጠፈር መንኮራኩር አድርገውታል። ቁጥሩ በሙሉ ሲነበብ ግን ዳንኤል ቃሉን እንዲዘጋና መጽሐፉን እንዲያትም ከታዘዘ በኋላ «ብዙ ሰዎች ይመረምራሉ፥ እውቀትም ይበዛል» ይላል። የሚመረመረው የታተመው መጽሐፍ ነው፤ የሚበዛውም የዚያ መጽሐፍ ማስተዋል ነው። ቃሉ ስለ ፋብሪካ የተነገረ ነው የሚል ሰው አስረጅ ማምጣት ያለበት እርሱ ነው።

ስለ ስምንተኛው ሺህ የሚሉት ግን ሰፋ ያለ መልስ ይፈልጋል፤ ይህ አባባል ከእናቶቻችን አፍ የማይጠፋ፣ እንግዳ ነገር በታየ ቁጥር የሚነሣ ነውና። በባሕረ ሐሳብ ስሌታችን ከፍጥረት እስከ ጌታ ልደት 5500 ዓመት ነው። በዚህ ላይ 1500 ሲጨመር 7000 ይሆናል። እንግዲህ ስምንተኛው ሺህ የገባው በ1501 ዓመተ ምሕረት፣ በዐፄ ልብነ ድንግል ዘመን ነው። ዛሬ ሊገባ የቀረበ ሳይሆን፣ ከገባ ከ500 ዓመት በላይ የሆነው ዘመን ነው። አያቶቻችንና የአያቶቻችን አያቶች ኖረው ያለፉት በስምንተኛው ሺህ ውስጥ ነው።

በዚያ በመጀመሪያው ክፍለ ዘመኑ የሆነውን ደግሞ እናስብ። የኢማም አሕመድ ጦር አገሩን ሲያቋርጥ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ደብረ ሊባኖስም በእሳት ጠፋ፣ መጻሕፍት አመድ ሆኑ። የዓለም ፍጻሜ ደረሰ ለማለት ከዚያ የበለጠ ምክንያት ያለው ትውልድ ያለ አይመስለኝም። ከዚያው ከደብረ ሊባኖስ የወጡት መነኩሴ አባ ተስፋ ጽዮን ግን ሮም ደርሰው፣ በዘመኑ አዲስ ወደ ነበረው የአውሮፓ ማተሚያ ቤት ገቡ፤ እ.ኤ.አ. በ1548 የግእዙን ሐዲስ ኪዳን ማሳተም ጀመሩ። በመጽሐፉም ውስጥ አንባቢን ይቅርታ ይጠይቃሉ፦ ፊደሉን የለቀሙት ሠራተኞች ግእዝ ማንበብ አይችሉም፣ እኛም ማተም አናውቅም፤ ዕውር ዕውርን እንደሚረዳ ተረዳድተን ሠራነው ይላሉ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ልቤ ይነካል። መጽሐፍ በተቃጠለበት ዘመን መነኩሴው ያልለመዱትን መሣሪያ ያዙ፤ የያዙትም ወንጌል ለማተም ነው። ጸሐፊው ያኔ ቢኖሩ ኖሮ ማተሚያውን ምን ይሉት ነበር?

ቀን መቁጠር የደረሰበትንም ታሪክ ያሳየናል። በአሜሪካ የሰባኪው የዊልያም ሚለር ተከታዮች ጌታ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1844 ይመጣል ብለው ጠበቁ፤ ሰብላቸውን ሳያጭዱ የተዉም ነበሩ። ቀኑ አለፈ፤ ከእነርሱም ብዙዎች እምነታቸው ተሰበረ። ጌታ «የሚያውቅ የለም» ብሎ ከዘጋው በር ላይ ቁልፍ መፈለግ ጥፋቱ ይህ ነው፦ ቀኑ ሲያልፍ ሰው የሚጠራጠረው ቆጣሪውን ሳይሆን ወንጌሉን ይሆናል።

አሁን ብዙ ሰው ወዳስፈራው ወደ ሦስተኛው ነጥብ ደረስን። ባርኮድን በተመለከተ ጸሐፊው የሚሉት ይህን ነው፦ በመስመሮቹ መካከልና በሁለቱ ዳር ረዘም ብለው የሚታዩት ጥንድ ቀጫጭን መስመሮች 6 ቁጥር ናቸው፤ ስለዚህ በየዕቃው ላይ 666 ታትሟል። ይህ ባርኮድ እንዴት እንደሚሠራ ካለማወቅ የመጣ ነው። ባርኮድ ለመጀመሪያ ጊዜ በገበያ ላይ የተነበበው እ.ኤ.አ. በ1974 በኦሃዮ በሚገኝ ሱቅ በአንድ የማስቲካ ጥቅል ላይ ነው። በአሠራሩ እያንዳንዱ ቁጥር ሰባት እኩል ክፍሎች አሉት። በቀኝ በኩል የሚጻፈው 6 በሁለት ቀጫጭን መስመሮች ስለሚጀምር ከዳር መስመሮቹ ጋር ይመሳሰላል፤ ነገር ግን ከመስመሮቹ በኋላ አራት ባዶ ክፍሎች ካልተከተሉት 6 ተብሎ አይነበብም። በግራ በኩል የሚጻፈው 6 ደግሞ አንድ ቀጭንና አንድ ወፍራም መስመር ስላለው ጭራሽ አይመስልም። የዳርና የመካከል መስመሮቹ ቁጥር አይደሉም፤ ለማንበቢያው መብራት «ከዚህ ጀምር፣ እዚህ መካከሉ ነው፣ እዚህ አብቃ» የሚሉ ምልክቶች ናቸው። በዓይን ስለ ተመሳሰለ ብቻ ቁጥር ነው ማለት፣ ሀሌታውን «ሀ» ከላይ ገልብጦ አይቶ ሌላ ፊደል ነው እንደ ማለት ነው።

ቁጥሩን ከዘመኑ ነገር ጋር ማጣበቅ አዲስ ነገር አይደለም፤ አባቶች ግን ከዚህ ተጠንቅቀዋል። የሊዮኑ ጳጳስ ቅዱስ ሄሬኔዎስ በልጅነቱ ቅዱስ ፖሊካርፐስን የሰማ ነው፤ ፖሊካርፐስ ደግሞ የወንጌላዊው ዮሐንስ ደቀ መዝሙር ነው። ራእዩን ካየው ሐዋርያ በአንድ ሰው ብቻ የራቀ ሰው እንኳ ከቁጥሩ ጋር የሚስማሙ ስሞች ብዙ ሊገኙ እንደሚችሉ አሳይቶ፣ ይህ ነው ብሎ ከመወሰን ተቆጥቧል። እኛ ከ1800 ዓመት በኋላ የበለጠ ድፍረት ከየት አመጣን?

ዋናው ነገር ግን ሌላ ነው። ራእይ ምዕራፍ 14 ቁጥር 9 ምልክቱን ከስግደት ጋር አስተሳስሮ ነው የሚናገረው፦ «ማንም ለአውሬውና ለምስሉ ቢሰግድ፥ በግምባሩም ወይም በእጁ ምልክቱን ቢቀበል» ይላል። ሳያውቀው በስህተት የታተመ ሰው በዚያ የለም። ለዚህ የሚቀርብ እውነተኛ ምሳሌ ከፈለግን እ.ኤ.አ. በ250 በሮማዊው ንጉሥ በዳኬዎስ ዘመን የሆነውን እንይ። ሕዝቡ ለጣዖት እንዲሠዋ ታዘዘ፤ የሠዋም በባለሥልጣን ፊት መሥዋዕት ማቅረቡን የሚመሰክር ወረቀት ተሰጠው። ከእነዚህ ወረቀቶች አንዳንዶቹ በግብፅ ምድር ተገኝተው ዛሬም ይነበባሉ። በዚያን ጊዜ ክርስቲያኖች ሞትን የመረጡት ወረቀቱ ላይ ስማቸው ስለ ሰፈረ አልነበረም፤ ወረቀቱ የሚገኘው በክህደት ስለ ነበረ ነው።

በመንግሥት መዝገብ መጻፍ ብቻውን ክህደት ቢሆን ኖሮ የሉቃስ ወንጌል ምዕራፍ 2ን ምን እናደርገው ነበር? እመቤታችንና አረጋዊው ዮሴፍ ወደ ቤተ ልሔም የወጡት የአውግስጦስ ቄሣርን ትእዛዝ ተቀብለው ለመመዝገብ ነው። ያ ቄሣር አረማዊ ነበር፤ መዝገቡም ግብር ለማስገበር የሚያገለግል ነበር። ጌታችን የተወለደው ቤተሰቡ ለቆጠራ በተጓዘበት ከተማ ነው። የልደትን ወንጌል በየዓመቱ እየሰማን ምዝገባን በራሱ ርኩሰት ማድረግ አይቻለንም።

በዚህ ነጥብ ላይ ግን ለጸሐፊው የምተወው ቦታ አለ። ፋይዳ የጣት አሻራን፣ የዓይን ብሌንንና የፊት ምስልን ወስዶ ባለ 12 አሃዝ ቁጥር የሚሰጥ ሥርዓት ነው። እንዲህ ያለ መረጃ በአንድ ቦታ ሲከማች ማን ያየዋል፣ ለምን ይውላል፣ ቢሰረቅስ ማን ይጠየቃል ብሎ መጠየቅ የዜጋ መብት ነው፤ የክርስቲያንም ግዴታ ነው። አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ስለ መታወቂያው፣ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ ስለ ግል መረጃ ጥበቃ የወጡ ናቸው፤ አንብቦ፣ ተሟግቶ፣ ጉድለታቸውን ማሳየት ይቻላል። ድንጋይ ሲፈልጡ፣ አፈር ሲቆፍሩ ኖረው አሻራቸው የተፋቀ ሽማግሌ በማሽኑ ፊት ተቸግረው ቢመለሱ ስለ እርሳቸው መጮህ የነቢያት ሥራ ነው። ችግሩ ጸሐፊው ይህን ጩኸት በአውሬው ስም መጥራታቸው ነው። እንዲህ ሲሆን ጥያቄ ያለው ሰው ጥያቄውን ይተውና ወይ ይሸሻል ወይ ይሳቅበታል፤ ባለሥልጣኑም ሳይጠየቅ ይቀራል።

ስለ ምልክት ካነሣን አይቀር፣ የራእዩ መጽሐፍ ከአውሬው ምልክት በኋላ ወዲያው የሚያሳየውን ሌላ ምልክት ጸሐፊው አንድም ቦታ አለመጥቀሳቸው ገርሞኛል። ምዕራፍ 14 የሚከፈተው የበጉና የአባቱ ስም በግምባራቸው በተጻፈባቸው ሰዎች ነው። እኛ በጥምቀታችን ቀን በሜሮን ታትመናል። አንገታችን ላይ ያለው ማዕተብ ስሙ ራሱ ከማማተብ የመጣ ነው፤ በሰሜኑ አገራችንም እናቶች መስቀሉን ግንባራቸው ላይ ተነቅሰውት አርጅተዋል። በጌታ የታተመ ሰው ሱቅ ገብቶ ስኳር በመግዛቱ ማኅተሙ ይፋቃል ብሎ ማስተማር የአውሬውን ምልክት ከሜሮን የበረታ ማድረግ ነው። ይህን ጸሐፊው አስበውት እንደ ጻፉት አይመስለኝም፤ ግን ጽሑፋቸው የሚለው ይህን ነው።

አራተኛውን ነጥብ ባጭሩ ልለፈው። ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባሉት የንግግር ፕሮግራሞች ሰዎች ከጻፉት እጅግ ብዙ ጽሑፍ ተምረው ቀጥሎ የሚመጣውን ቃል እየገመቱ ዓረፍተ ነገር የሚሠሩ ናቸው። የራእዩ ምስል ግን የሚሰገድለት፣ የማይሰግዱለትንም የሚያስገድል ነው፤ በኪሳችን ላለ ፕሮግራም የሚሰግድ ሰው አላየሁም። ይሁን እንጂ ጸሐፊው ስጋት ሲገባቸው ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ኃጢአቱን ለማሽን የሚያወራ፣ ምክርም ከዚያ የሚቀበል ወጣት እየበዛ ነው። ማሽን የሚያጽናና ቃል ሊደረድር ይችላል፤ ኃጢአትህን ሰምቶ ከአንተ ጋር የሚጾም፣ በቅዳሴ ስምህን የሚያነሣ፣ እግዚአብሔር ይፍታህ ብሎ በመስቀል የሚባርክህ የንስሐ አባት ግን ሊሆን አይችልም። የአባቶችን ድምፅና መልክ አስመስለው ያላሉትን የሚያስብሉ ቅጂዎችም ወጥተዋል፤ በዚህ ላይ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያስፈልገን ማስተዋል ነው፤ ራእዩን በግድ መጠምዘዝ አያስፈልገንም።

አምስተኛው ነጥብ አክስቴን ሐኪም ቤት ያስገባት ነው፤ እዚህ ላይ ጠንከር ብዬ ብናገር ጸሐፊው ይቅር ይበሉኝ። ቤተ ክርስቲያናችን በምትቀበለው በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለ መድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና፤ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣው እርሱ ነው፣ ብልህ ሰው አይንቀውም የሚል ትምህርት አለ። ያው ምዕራፍ በሽተኛው ወደ እግዚአብሔር እንዲጸልይ፣ ከኃጢአቱም እንዲመለስ፣ ከዚያም ለሐኪሙ ቦታ እንዲሰጥ ያዝዛል። ጸሎትና ሕክምና እዚያ በአንድ ትንፋሽ ነው የተነገሩት።

ዕድሜ ማራዘም ከእግዚአብሔር ጋር መታገል ነው ለሚለው ደግሞ የንጉሥ ሕዝቅያስን ታሪክ አቀርባለሁ። ሕዝቅያስ ለሞት ታመመ፤ አለቀሰ፤ እግዚአብሔርም በዕድሜው ላይ 15 ዓመት ጨመረለት። የዕድሜ ጭማሪው ከራሱ ከእግዚአብሔር አፍ የወጣ ተስፋ ነበር። ነቢዩ ኢሳይያስ ግን ተስፋውን ከተናገረ በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ አምጥተው በእባጩ ላይ እንዲለጥፉ አዘዘ። በተስፋው ብቻ መዳን የሚቻል ቢሆንም ነቢዩ ጥፍጥፉን አልናቀም። ወንጌላዊው ሉቃስም ባለ መድኃኒት ነበር፤ ወንጌል ሲጽፍ ሙያው ነውር ሆኖበት እንደ ተወ የሚናገር ቃል አናነብም።

በአገራችንም ይህ ጥያቄ በሰው ሕይወት ተፈትኗል። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የኤችአይቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ በእንጦጦና በሌሎች ጠበል ቦታዎች የነበሩ ብዙ ሕሙማን ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ያለባቸው መስሏቸው ነበር፤ መድኃኒቱን አቋርጠው ያለፉም አሉ። በዚያን ጊዜ ፓትርያርክ የነበሩት ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደሆኑና እርስ በርስ እንደማይጋጩ በአደባባይ ተናገሩ። ከዚያ ቃል የተነሣ በሕይወት ያሉ፣ ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ሰዎች በመካከላችን አሉ። የአክስቴም የንስሐ አባት አልጋዋ አጠገብ ቆመው የነገሯት ይህንኑ ነው፦ «ጠበሉንም ጠጪ፣ መርፌሽንም ውጊ፤ ሁለቱንም የሰጠሽ አንድ ነው» አሏት።

እዚህም ላይ ጸሐፊው ከነኩት ነገር የምቀበለው አለ። ሞት በደረሰበት፣ ሐኪሞችም ተስፋ በቆረጡበት ሁኔታ፣ ማሽን ሕይወትን ሳይሆን የመሞትን ሰዓት የሚያራዝምበት ጊዜ አለ። በዚያን ሰዓት ቤተሰብ ንብረቱን ሸጦ ባዶ እጁን ከሚቀር፣ በሽተኛው ሥጋ ወደሙ ተቀብሎ፣ ዘመዶቹ እጁን ይዘው በሰላም ቢሸኙት ኃጢአት አይሆንም። የሚቻለውን ሁሉ ማድረግ ግዴታ አይደለም። ነገር ግን በየቀኑ በሚወሰድ ኢንሱሊን ለ11 ዓመት ማኅበር ስትጠጣና የልጅ ልጅ ስታሳድግ የኖረችን ሴት ከዚህ ጋር መቀላቀል ትልቅ ጥፋት ነው።

በመጨረሻ ወደ ዝግጅት እንምጣ፤ የጽሑፉ ሁሉ ዓላማ ይህ ነበርና። ጸሐፊው የደብረ ዘይትን ምስባክ፣ «እግዚአብሔርሰ ገሃደ ይመጽእ» የሚለውን፣ ጠቅሰው ቆመዋል። ቤተ ክርስቲያን ግን በዚያ አልቆመችም። ስለ መምጣቱ ባስተማረችን ማግስት፣ በሚቀጥለው እሑድ፣ ገብር ኄርን አስቀመጠችልን። ጌታው ሲመለስ የሚጠይቀው የተሰጠውን መክሊት ምን እንዳደረገበት ነው። ያ የተወቀሰው አገልጋይ መክሊቱን አልሰረቀም፣ አልሰከረበትም። የተናገረው ምክንያት «ፈራሁም» የሚል ነበር፤ ፈርቶ በምድር ውስጥ ቀበረው። ስልክህን ጣል፣ ሒሳብህን ዝጋ፣ መድኃኒትህን ተው የሚለው ምክር ከዚህ አገልጋይ ምክር በምን ይለያል?

በዐረብ አገር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትሠራ፣ ቤተ ክርስቲያን በሌለበት ከተማ የምትኖር አንዲት እኅት አውቃለሁ። ሌሊት አሠሪዎቿ ሲተኙ ስልኳን ጆሮዋ ሥር አድርጋ ኪዳን ታደርሳለች፤ ከንስሐ አባቷ ጋር የምትገናኘውም፣ ለእናቷ የወር ወጪ የምትልከውም በዚያው ስልክ ነው። በተመሳሳይ ስልክ ሌላው ቁማር ይጫወታል። ሐዋርያው ጳውሎስ በተሰሎንቄ የጌታ ቀን ደርሷል ብለው ሥራቸውን የተዉትን ሰዎች በጸጥታ እየሠሩ የገዛ እንጀራቸውን እንዲበሉ አዘዛቸው እንጂ አላመሰገናቸውም።

ጌታ ስለዚያች ቀን ሲናገር «ሁለት ሴቶች በወፍጮ ይፈጫሉ፤ አንዲቱ ትወሰዳለች አንዲቱም ትቀራለች» አለ። ጸሐፊው ይህን ቁጥር በጽሑፋቸው ጠቅሰውታል፤ ግን ሁለቱ ሴቶች የያዙት ወፍጮ አንድ መሆኑን አላስተዋሉም። ያው መሣሪያ፣ ያው ሥራ፣ ያው ሰዓት ነው። አሥሩም ደናግል መብራት ነበራቸው፤ የጎደለው የአምስቱ ዘይት ነው። ጌታ ከወፍጮ ራቁ ቢል ኖሮ ቀላል ትእዛዝ በሆነ ነበር፤ ስልክ ከኪስ ማውጣት ከልብ ቂም ከማውጣት ይቀላልና። ያስታረቅነው ባልንጀራ፣ በሚዛን ያላጭበረበርነው ደንበኛ፣ ደመወዟን በጊዜ የከፈልናት የቤት ሠራተኛ፣ የጠየቅነው በሽተኛ፣ በዚያች ቀን የሚጠየቁት እንዲህ ያሉት ናቸው።

ጸሐፊውን የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው። በቀረው አሳባቸው ከእኔ ጋር ባይስማሙም ቅር አይለኝም፤ እየተነጋገርን እንማማራለን። ነገር ግን ጽሑፋቸው ዛሬም እየተዘዋወረ ስለሆነ «መድኃኒት የምትወስዱ ሰዎች ሐኪማችሁንና የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ አታቋርጡ» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ከላዩ ይጨምሩበት። በድምፅ ያነበበችው እኅትም ይህንኑ አንብባ ትቅዳው። ቅጂው በወጣ ቀን ለእኔ የመጀመሪያውን ለላኩልኝ ለሦስቱም ሰዎች እኔ ራሴ አደርሰዋለሁ፤ ለአክስቴ ደግሞ አጠገቧ ተቀምጬ አሰማታለሁ።